ግራፉ ሲወጣ ገበያተኛው ይወርዳል

በገበያ ቀን ማለዳ ወደ አምደወርቅ የሚያስገቡት መንገዶች በሰውና በከብት ይሞላሉ። ፍየል የሚነዳው፣ ማር የተሸከመው፣ እህል በአህያ የጫነው እየተከታተለ ይመጣል። ከተማዋ ያለችበት የደሃና ወረዳ ምድር እንደ መላው የዋግ ኽምራ ዞን ሜዳው ጥቂት ነው፤ አንዱን ሸንተረር ሳይወርዱና ሌላውን አቀበት ሳይወጡ የሚደርሱበት ገበያ ብዙ የለም። ከእነዚህ ገበያተኞች አንዱን በሐሳባችን እንከተለው። ሰውየውን ለምሳሌ ያህል ፈጥረነዋል፤ መንገዱ ግን የአካባቢው ሰው ሁሉ እግሩ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከደጁ ይነሳል። እስከ ወንዙ ቁልቁለት ስለሆነ 4 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ይጨርሰዋል። ወንዙ ዳር ፍየሎቹን ውሃ እያጠጣ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ አቀበቱ ይጀምራል፤ የቀረው 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ሙሉ 1 ሰዓት ይፈጅበታል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ገበያው ይደርሳል። ፍየሎቹን ሲሸጥ፣ ጨውና ስኳሩን ሲገዛ ቆይቶ 7 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይነሳል። ሒሳቡ እንዳይበዛብን በመልሱ ጉዞ እርምጃው አልተለዋወጠም እንበል፤ 9 ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል።

አሁን ይህን ጉዞ ወረቀት ላይ እናስፍረው። አግድሙ መስመር ሰዓቱን፣ ቋሚው መስመር ደግሞ ሰውየው ከቤቱ በመንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደራቀ ያሳይ። ከ12 እስከ 1 ሰዓት መስመሩ ከ0 ተነስቶ ወደ 4 ይወጣል። ለግማሽ ሰዓት ጋደም ይላል። ከ1 ተኩል እስከ 2 ተኩል ዘመም ብሎ ከ4 ወደ 6 ይሄዳል። ከዚያ እስከ 7 ሰዓት ድረስ እንደገና ጋደም ይልና መውረድ ጀምሮ 9 ሰዓት ላይ 0ን ይነካል። ይህን ግራፍ ፊዚክስ ለጀመረ ተማሪ አሳይቶ «ሰውየው አቀበቱን የወጣው የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው መስመሩ ቀጥ ብሎ በወጣበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ግን ሰውየው ቁልቁለት እየወረደ ነበር፤ ግራፉ ቀጥ ያለው ፈጥኖ ስለሄደ ነው። አቀበቱን የወጣው መስመሩ ዘመም ባለበት ነው። 6 ላይ ጋደም ያለው ረጅም መስመር አምባ አይደለም፤ ገበያ ውስጥ መቆየቱን ብቻ ይናገራል። በመልሱም ጉዞ ግራፉ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል፤ እግሮቹ ግን መጀመሪያ ወደ ወንዙ ወርደው ቀጥሎ የደጁን አቀበት ወጥተዋል።

በእንቅስቃሴ ግራፍ ንባብ ውስጥ ከሁሉ የጠለቀው ስህተት ይህ ነው፤ ግራፉን የመንገዱ ወይም የመሬቱ ሥዕል አድርጎ ማየት። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚህ ይነሳል። ስህተቱ የስንፍና ወይም የሒሳብ ድክመት ምልክት አይደለም፤ ደህና የሆነ ችሎታ ያለቦታው ሲገባ የሚመጣ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሸንተረርና ገደል ሲያነብ ያደገ፣ የተራራ ጫፍ አይቶ የመንገዱን ድካም የሚገምት ልጅ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ሲያይ አቀበት ማለቱ ከልምዱ የመጣ ነው። ስለዚህ ቀመር በመደጋገም አይታረምም። የሚታረመው ግራፉን ራሱን፣ ከቀመሩ በፊት፣ እንደ ንባብ በማስተማር ነው፤ ለዚህም የዋግ አቀበትና ቁልቁለት ከየትኛውም የሜዳ ከተማ የተሻለ ማስተማሪያ ይሆናል።

ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ ማስረጃው ግልጽ ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ሊሊያን ማክደርሞት ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀመሩን በሚገባ የሚያሰሉ ተማሪዎች ጭምር ግራፍን ከእውነተኛ እንቅስቃሴ ጋር ማገናኘት እንደሚያቅታቸው አሳይተዋል። ከ7 ዓመት በኋላ በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ባይክነር 21 ጥያቄ ያለው ፈተና አዘጋጅተው ለ524 የኮሌጅና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰጡ። ተፈታኞቹ ትምህርቱን አስቀድመው የተማሩ ነበሩ፤ አማካይ ውጤታቸው ግን 40 በመቶ ገደማ ሆነ። ስህተቶቻቸውም ተመሳሳይ ነበሩ። ግራፉን እንደ ሥዕል ማየት፣ የመስመሩን ከፍታ ከዘንበሉ ማምታታት፣ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ትርጉም እንዳለው አለማወቅ። ላቦራቶሪና መጽሐፍ በሞላበት አገር ይህ ከሆነ፣ የመሣሪያ እጥረት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከፍታንና ዘንበልን የማምታታቱ ነገር ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የተሮጠው የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ የሚተካ ምሳሌ የለውም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ገቡ። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ከነበረው ልዩነት እንኳ ያንሳል። የሁለቱን ሩጫ በአንድ ግራፍ ላይ ብንሥለው፣ አግድሙ ሰዓት፣ ቋሚው የተሮጠው ርቀት ቢሆን፣ ቴርጋት በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ ሲወጣ መስመሩ ከኃይሌ መስመር በላይ ይሆናል። ከዚያ የመድረሻው መስመር ጥግ ላይ ሁለቱ መስመሮች ይገናኛሉ፣ ኃይሌም ያልፋል። አሁን ተማሪውን «ሁለቱ በእኩል ፍጥነት የሮጡት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙው «መስመሮቹ የተገናኙበት ላይ» ይላል። በዚያች ቅጽበት ግን እኩል የነበሩት በቦታ ብቻ ነው። በፍጥነት እኩል ቢሆኑ ኖሮ መስመሮቻቸው ጎን ለጎን እየሄዱ ኃይሌ መቼም አይደርስበትም ነበር። እየደረሰበት የነበረው መስመሩ ይበልጥ ቀጥ ያለ ስለነበረ ነው። ከፊት ማን እንዳለ የሚነግረን የመስመሩ ከፍታ ነው፤ ማን ይበልጥ እየፈጠነ እንደሆነ የሚነግረን ዘንበሉ ነው። ከኋላ ያለው ሰው የበለጠ ፈጣን ሊሆን እንደሚችል ያን ምሽት ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ተማሪውም ያውቀዋል። የጎደለው ያንን እውቀት መስመሩ ላይ ማንበብ ነው።

ይኸው ሩጫ ስለ መለኪያ ምርጫም አንድ ነገር ያስተምራል። የ27 ደቂቃውን ሩጫ በሙሉ በደብተር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ አግድም መስመር ብንሥለው፣ 9 መቶኛ ሰከንዷ የምትይዘው ቦታ 1 መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከእርሳስ ጭረት በእጅጉ ስለምትቀጥን ሁለቱ ሯጮች አብረው የገቡ ይመስላሉ። በዚያው 20 ሴንቲ ሜትር የመጨረሻዎቹን 10 ሰከንዶች ብቻ ብንሥል ግን ልዩነቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ሆኖ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ጥሩ አንባቢ መስመሩን ከማየቱ በፊት ዳርና ዳር የተጻፉትን ቁጥሮችና መለኪያዎች ያያል፤ ምን በምን ላይ ተሥሎ እንደሆነ ይጠይቃል። ይህን አንድ ልማድ ብቻ ያስያዘ መምህር ግማሹን ሥራ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ገበያተኛችን እንመለስና ቋሚውን መስመር ቀይረን ፍጥነቱን እናድርገው። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ግራፉ ግን ፈጽሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ለ1 ሰዓት በ4 ላይ ጋደም ያለ መስመር፣ ለግማሽ ሰዓት 0፣ ለ1 ሰዓት በ2 ላይ፣ እስከ 7 ሰዓት 0፣ በመጨረሻም ለ2 ሰዓት ከ0 በታች በ3 ላይ። መስመሩ ከዜሮ በታች መውረዱ ፊቱን ወደ ቤቱ ማዞሩን ይናገራል፤ ወደ ገደል መግባቱን አይደለም። እዚህ ላይ ጋደም ያለ መስመር «ቆሟል» ማለት መሆኑ ይቀራል፤ 4 ላይ ጋደም ያለው መስመር ሰውየው ሳያቋርጥ በአንድ እርምጃ መጓዙን ነው የሚያሳየው። ከመስመሩ እስከ ዜሮ ያለውን ስፋት ብናሰላ ሲሄድ 4 ሲደመር 2፣ ሲመለስ ከዜሮ በታች 3 ጊዜ 2። 6 ሄዶ 6 ተመልሷል፤ ድምሩ 0 ስለሆነ ቤቱ ነው። እግሩ ግን 12 ኪሎ ሜትር ረግጧል። «ምን ያህል ተጓዘ?» እና «ከመነሻው ምን ያህል ርቋል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ሲሆን፣ ትርጓሜ ከመሸምደድ ይልቅ ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ማየት ይበልጥ ያስረዳል።

ስፋት ርቀት ነው የሚለው ሐሳብ ከምናስተምራቸው ቀመሮች ይቀድማል። ፈረንሳዊው ሊቅ ኒኮል ኦሬም በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ የምንጠቀምበት የአልጀብራ አጻጻፍ ሳይኖር፣ ጊዜን በአግድም ፍጥነትን በቋሚ መስመር አድርጎ በመካከላቸው የሚፈጠረው ቅርጽ የተሄደውን ርቀት እንደሚወክል አሳይቷል። ከቆመበት ተነስቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱን በእኩል መጠን እየጨመረ በሰከንድ 10 ሜትር የደረሰ መኪና በግራፉ ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ ስፋቱ የ5 እና የ10 ብዜት ግማሽ ነው፤ 25 ሜትር። ተማሪዎቻችን የሚሸመድዱት፣ ግማሽ የገባበት ዝነኛው ቀመር ከዚህ ሦስት ማዕዘን የወጣ ነው። ግማሹ ከየት እንደመጣ ያየ ልጅ ቀመሩ የት እንደማይሠራም ያያል። ያላየው ግን ፍጥነቱ እየተቆራረጠ የሚለዋወጠውን የገበያተኛችንን ጉዞ ጭምር እዚያው ቀመር ውስጥ ለመክተት ይሞክራል፤ ቁጥርም ያገኛል፤ ቁጥሩ ግን የማንም ጉዞ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ የመጀመሪያው መቃወሚያ የጊዜና የፈተና ነው። መምህሩ የሚጨርሰው መጽሐፍ፣ ተማሪው የሚያልፈው ፈተና አለበት፤ ግራፍ እያነበቡ ሁለትና ሦስት ክፍለ ጊዜ ማሳለፍ ቅንጦት ይመስላል። መቃወሚያው ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዋግ ኽምራን በመሰለ አካባቢ የሰሜኑ ጦርነት ትምህርትን አቋርጧል፤ ሁሉን በአንድ የፊዚክስ ምዕራፍ ማሳበብ አይገባም። ነገር ግን ውጤቱ ራሱ ቀመር ማስሸምደድ ያዋጣል ለሚል ሰው ምስክር አይሆነውም። የዋግን ተማሪ ሁኔታ ደግሞ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ብዙው ልጅ ቤቱ ኽምጣና ወይም አማርኛ ይናገራል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ተምሮ ፊዚክስን ራሱን ችሎ የሚያገኘው 9ኛ ክፍል ሲደርስ ነው፤ በዚያው ዓመት የትምህርቱ ሁሉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተርጉሞ፣ ቀመር መርጦ፣ ቁጥር ተክቶ እንዲሠራ ከማዘዝ በፊት፣ ጥቂት ቃላት ብቻ ያሉበትን መስመር እንዲያነብ ማድረግ የሚቀርበው መንገድ ነው። የንባቡ ክርክር በኽምጣናም በአማርኛም ቢካሄድ ግራፉ አይለወጥም፤ ስያሜዎቹ በኋላ በእንግሊዝኛ ይጨመራሉ። እዚህ ላይ የጠፋ የሚመስለው ጊዜ ቀመሩ ሲመጣ ይመለሳል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ያለና ከምርምር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የሄዘር ብራዝል ጥናት፣ ተማሪዎች በዳሳሽ መሣሪያ ፊት እየተራመዱ ግራፋቸው ያኔውኑ ኮምፒዩተር ላይ ሲሣል ካዩ ንባባቸው በአንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ እንደሚሻሻል አሳይቷል። ግራፉ ከእንቅስቃሴው በኋላ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ሲመጣ ግን ጥቅሙ በአብዛኛው ጠፋ። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ቀርቶ መብራቱም በማያስተማምንበት ትምህርት ቤት ምን ይደረጋል? ጥናቱን በደንብ ካነበብነው መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። ዋናው ነገር እርምጃውና መስመሩ አንድ ላይ መሄዳቸው ነው፤ መሣሪያው ያንን የሚያስገኝ አንድ መንገድ ነው። የክፍሉ ወለል ላይ በገመድ 8 ሜትር ለክቶ በየሜትሩ ጠጠር ማስቀመጥ ይቻላል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አግድሙና ቋሚው መስመር ይሠመራሉ። አንድ ተማሪ ገመዱን ይዞ ይራመዳል፤ ክፍሉ በእኩል ምት ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሌላዋ ተማሪ ጠመኔ ይዛ በያንዳንዱ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ እየሄደች፣ ጓደኛዋ የደረሰበትን ጠጠር እያየች ነጥብ ትጥላለች። ልጁ ሲቆም ነጥቦቹ ጋደም ብለው ይቀጥላሉ፤ እሱ ቢቆምም ቆጠራው አይቆምምና። ይህችን ነገር በዓይኑ ያየ ተማሪ ጊዜ መቼም እንደማይቆም፣ መስመሩም ወደ ኋላ እንደማይመለስ ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም። ቀጥሎ ነገሩ ይገለበጣል፤ መምህሩ ግራፍ ይሥላል፣ ተማሪው ይራመደዋል፣ ክፍሉ ይፈርዳል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚቆም መስመር ቢሥል ሊራመደው የሚችል የለም፤ በአንድ ቅጽበት ብዙ ቦታ መገኘት ማለት ነውና።

ሦስተኛው መቃወሚያ የሚነሳው በራሴ ሐሳብ ላይ ነው። ልጁ ግራፍን ከተራራ ጋር የሚያምታታ ከሆነ፣ የአካባቢውን አቀበትና ቁልቁለት ወደ ክፍል ማምጣት ስህተቱን አያባብሰውም ወይ? መንገዱን ብቻ አምጥቶ ግራፉን አጠገቡ ካላስቀመጡ በእርግጥ ያባብሰዋል። ስለዚህ ሁለት ሥዕል በአንድ ገጽ ላይ ያስፈልጋል። ከላይ የመንገዱ መልክ፤ ቁልቁለቱ፣ ወንዙ፣ አቀበቱ። ከታች የዚያው ጉዞ ግራፍ። ሁለቱ አለመመሳሰላቸው ነው ትምህርቱ። ሜዳ ላይ በተሠሩ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌዎች፣ መኪናው ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ሲሄድ፣ ስህተቱ ተደብቆ ያልፋል፤ ተማሪው በተሳሳተ ምክንያትም ትክክለኛ መልስ ሊያገኝ ይችላል። በዋግ መንገድ ላይ ግን ቁልቁለቱ ፈጣን፣ አቀበቱ ዝግተኛ ስለሆነ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል።

የቀረው «ይህ ለሳይንቲስት እንጂ ለሌላው ምን ይሠራለታል?» የሚለው ነው። ከአምደወርቅ ብዙ ሳይርቁ መልሱን ማግኘት ይቻላል። ሕፃናትን ከመቀንጨር ለመጠበቅ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የገባው ቃል ኪዳን የተሰየመው በዞኑ ዋና ከተማ በሰቆጣ ነው። በየጤና ኬላው የሕፃኑ ክብደት በየጊዜው እየተመዘነ በዕድገት መከታተያ ካርድ ላይ በነጥብ ይመዘገባል። አንድ ወንድ ልጅ በ6፣ በ7 እና በ8 ወሩ 7.5 ኪሎ ሆኖ ቢገኝ፣ ነጥቦቹ ሁሉ ካርዱ ላይ ከተሠመረው የአደጋ መስመር በላይ ናቸው፤ ነጥቦቹን የሚያያይዘው መስመር ግን ጋደም ብሏል፤ ሕፃኑ ማደግ አቁሟል። ሌላው 6.0፣ 6.4፣ 6.8 ቢሆን ከአደጋው መስመር በታች ነው፣ ክትትል ያስፈልገዋል፤ መስመሩ ግን እየወጣ ነው። ከፍታውን ብቻ ያነበበች እናት የመጀመሪያው ልጅ ደህና ነው ብላ ትሄዳለች። ኃይሌና ቴርጋት ላይ ያየነው የከፍታና የዘንበል ልዩነት እዚህ የልጅ ጤና ሆኖ መጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም፣ እናትየዋም ከእነዚሁ የ9ኛ ክፍል ወንበሮች የተነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ከጤና ውጭም ይኸው ንባብ ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡ ሁለት ባቡሮች በጊዜና በቦታ ግራፍ ላይ የሚገናኙበት ነጥብ መተላለፊያ ባለው ጣቢያ ላይ ማረፍ አለበት፤ ሌላ ቦታ ካረፈ ግጭት ነው።

ፈተና አውጪዎችም ለውጡን ያለ ብዙ ወጪ ሊያግዙት ይችላሉ። የምርጫ ጥያቄ ቀመር ለመጠየቅ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። የአንድ መንገድ ሥዕል ከላይ ሰጥቶ፣ መንገደኛው ቁልቁለቱን ፈጥኖ አቀበቱን ቀስ ብሎ እንደሄደ ተናግሮ፣ ከታች አራት ግራፍ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አንዱ የመንገዱን መልክ የሚመስል፣ አንዱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ አንዱ ሁለቱን ፍጥነቶች ያገላበጠ፣ አንዱ ትክክለኛ። ካልኩሌተር አያስፈልገውም፤ በ1 ደቂቃ ይመለሳል፤ አራሚውም ከሌላው ጥያቄ የተለየ ሥራ የለበትም። ተማሪዎቹ የትኛውን የተሳሳተ ግራፍ አብዝተው እንደመረጡ ሲታይ ደግሞ፣ መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት ገመዱን ዘርግቶ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።